የተበላ ግድግዳ

«ለአገሩ ሁሉ ሻይ በዳቦ ያበላል፤ የገዛ ልጁ ግን የእኔን ግድግዳ ቁርስ አድርጋዋለች» ሲሉ ሙደሲር በጆሮው ሰማቸው። ከሱብሂ ሶላት ተመልሶ ጓሮው ቧንቧ አጠገብ ጫማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት ቁራጭ እየፋቀ ነበር። የሚናገሩት አከራዩ እማማ እታለማሁ ናቸው፤ የምትሰማቸው ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው ሸጋ ናት። ሸጋ ሳቋን ለመያዝ ሳትሞክር፣ «እንግዲያማ ክፍሉ እየሰፋለት ነው፤ ኪራይ ይጨምሩበት» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። ሙደሲር እንጨቱን እንደያዘ ቀረ። እማማ እታለማሁ ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ባልከበደው። ሚስቱ ዋሂዳ የወለደች ዕለት ከማንም ቀድመው የገብስ ዱቄትና አንድ ጣሳ ቅቤ ይዘው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው እንዲህ ካለ ከተማው ሁሉ እንዲህ ብሏል ማለት ነው። ከዳንግላ መናኸሪያ እስከ ገበያው ድረስ የእሱን ሻይ ቤት የማያውቅ የለም፤ ያ ሁሉ ሰው ብርጭቆውን ባነሳ ቁጥር «ልጁን እያስራበ ሰው የሚመግብ» እንደሚለው ታየውና ፊቱ ጋለ።

ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ዋሂዳ ከተወለደ ሃያ ቀን ከሆነው ከሙስዐብ ጋር በአራስነቷ ተኝታለች፤ አርባ ቀን ሳይሞላት ደጅ አትወጣም። ከመጋረጃው ወዲህ ፍራሽ፣ የእቃ ሣጥንና የከሰል ጆንያ አለ፤ በሣጥኑና በመስኮቱ መሀል ባለው ጥግ ደግሞ የሦስት ዓመት ከመንፈቋ አፊያ ቁጢጥ ብላለች። ግድግዳው እሷ የምትደርስበት ቁመት ላይ የዳቦ ሳህን የሚያህል ቦታ ተቦርቡሮ ጭዱ ወጥቷል፤ ትንሽ ቢቀራት ማገሩ ይታያል። አፊያ እንደ ሌባ አትበላም። ጣቷን በምራቋ ታረጥባለች፣ ምርጊቱን ቀስ አድርጋ ታሻለች፣ ትልሳለች፣ ከዚያ ቁርአን የሚቀራ ሰው ይመስል ወደ ግድግዳው ጎንበስ ብላ ጸጥ ትላለች። ሙደሲርን የሚያስፈራው ያ ጸጥታ ነው። ልጅ በምግብ ላይ ይጫወታል፣ ይደፋል፣ ያለቅሳል፤ አፊያ እንጀራ ላይ የምታለቅሰውን ያህል በግድግዳው ላይ ትረጋለች። ከአልጋው ራስጌም ትራሱ አጠገብ ብርጭቆ የሚያህል ሌላ ቀዳዳ አለ፤ እሱንም አልጋ ላይ ወጥታ የቦረቦረችው ነው ብሎ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ሸፍኖታል።

ያልሞከረው የለም። ጡት ሲያስጥሏት እንዳደረጉት እሬት ቀባው፤ አፊያ ፊቷን አጨማደደች፣ ተፋች፣ ስንዝር ፈቀቅ ብላ አዲስ ቦታ ጀመረች። ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጠፈ፤ ሙጫውን ከነጋዜጣው በላችው። አግዳሚ ወንበር ጠጋ ቢያደርግ ወደ ከሰሉ ዞረች፤ ከአዲስ ቅዳም ከተማ የሚመጣው ከሰል በጥርሷ ስር ኮሽ ሲል መጋረጃውን አልፎ ይሰማል። ጤና ጣቢያ መውሰድ አንድ ሁለቴ አስቦ ነበር። ነገር ግን «ልጅቷን ምን እያበላሃት ነው?» ብለው ሰው ፊት ቢጠይቁትስ ብሎ ተወው። ደግሞ ሁሉም አመል ነው ይላል። አመል ሐኪም ቤት አይወሰድም።

ትናንት ማታ ደግሞ ራሂማ ተናግራ ነበር። ራሂማ የዋሂዳ ታላቅ እህት ናት፤ እህቷን ልታርስ ከእንጅባራ ከመጣች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ባሏ ኢስማኤል ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ ቤታቸው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ከባድ ነገር ስትናገርም ድምጿን አታነሳም። በማግሥቱ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በሚወጣው ሚኒባስ አፊያን ይዛ እንደምትሄድ፣ ልጅቷን አድርሳ ኢስማኤልንም አይታ በሦስተኛው ቀን ለእህቷ እንደምትመለስ፣ አፊያ ግን አመሉ እስኪተዋት እዚያ እንደምትቆይ ነገረቻቸው። «የእኔ ቤት የሚበላ ግድግዳ የለውም» አለች። ቀልድ ይመስላል፤ ማንም ግን አልሳቀም። እስኪተዋት የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። በዚህ ቤተሰብ ለአንድ ረመዳን ተብላ አክስቷ ዘንድ የሄደች ልጅ ነበረች፤ የተዳረችውም ከዚያው ነው። ሙደሲር ሚስቱ የሆነ ነገር እንድትል ጠበቀ። ዋሂዳ ሕፃኑን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሺ ማለቷ ነው ብሎ ወሰደው፤ እሱም ዝም አለ፤ የሁለቱ ዝምታ ተደምሮ ውሳኔ ሆነ።

አሁን ግን ከጓሮ የሰማው ነገር ዝምታውን ነቀነቀው። ገብቶ አፊያን ከጥጉ አነሳት፣ አፏን በውሃ አጠበላት፣ ሹራቧን አለበሳት። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ጨርቅ ለምታጣጥፈው ራሂማ አፊያን ይዞ ገበያ ወጥቶ የወለል ላስቲክ እንደሚገዛ፣ ክፍሉን ዙሪያውን እስከ ወገብ በምስማር እንደሚያለብሰው፣ ከአስር በፊት እንደሚመለስ ነገራት። «ግድግዳው ከተሸፈነ መውሰድ አያስፈልግዎትም» ሊል ፈልጎ ከአፉ አልወጣለትም። ራሂማ ጨርቁን አጥፋ ጨረሰችና «የሷን ልብስ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ» አለችው።

የገበያ ቀን ነበር። ከገጠር የመጣው ሰው ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስላገኘው የመጀመሪያውን ማንቆርቆሪያ ሳያስተናግድ መዝጋት አልሆነለትም። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ጨመረ፣ ዳቦውን ቆረጠ፣ እጁም እንደ ልማዱ ከሁሉ በፊት ወደ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ሄደ። ከንፈሯ ላይ ቀይ መስመር አላት፤ የአፊያ ብርጭቆ ትባላለች፤ ደንበኛ አይጠጣባትም። ግማሽ ሻይ፣ ግማሽ ወተት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር። አፊያ በሁለት እጇ ይዛ እስከ አተላው ጠጣችው፤ ዳቦውን ጫፉን ነክሳ ተወችው። አንድ ሽማግሌ «ይቺን እንኳ አልቀየማትም፣ ከእኔ ቀድማ ብትጠጣም» ብለው አሾፉ። ሙደሲር ፈገግ አለ። አፊያ ምግብ እንቢ ባለች ቁጥር ቢያንስ ይህን ትወስዳለች ብሎ የሚጽናናው በዚህች ብርጭቆ ነበር። ደንበኞቹን ጨርሶ በሩን ሲዘጋ ዘግይቶ የደረሰ አንድ ገበሬ በገበያ ቀን ሻይ ቤት የሚዘጋ ሰው ዛሬ ገና አየሁ ብሎ አጉረመረመ።

ላስቲክ የሚሸጥበት ሰፈር ሩቅ ስለሆነ ጋሪ ያዘ። ባለጋሪው ይኸነው የሚባል፣ ጠይም፣ ከከተማው ዳር የሚኖር ሰው ነው፤ ሻይ ቤቱ ስለሚመጣ ይተዋወቃሉ። ቡላ ፈረሱን በአዊኛ እያናገረ ይነዳል፤ ከሰው ጋር በአማርኛ ሲያወራ ግን ዘወር ብሎ አያይም፣ ዓይኑ ከፈረሱ ጆሮ አይነሳም። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ከጎማው የሚፈናጠቀው ቀይ ጭቃ የጋሪው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። አፊያ እጇን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ ከጠርዙ ጠረገችና ወደ አፏ አደረገችው። ሙደሲር እጇን ጠፍ አደረገው። ድምፁ ጮኸ እንጂ የሚያምም ምት አልነበረም፤ ልጅቷ ግን እጇን ሳይሆን የወደቀችውን ጭቃ ተከትላ አየች።

«ፈረሴም ይልስ ነበር» አለ ይኸነው ወደ ፊት እያየ።

«ምኑን?»

«ግድግዳ። አምና በክረምት የበረቱን ግድግዳ ልሶ ልሶ ማገሩን አወጣው። እኔም ገረፍኩት። ታላቅ ወንድሜ ደርሶ፣ ምን ያስገርፍሃል፣ የጎደለው ነገር ቢኖር ነው እንጂ ከብት ደኅናውን አፈር አይልስም አለኝ። አሞሌ ጨው ገዝቼ ሰቀልኩለት። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ዞር ብሎም አላየው።»

ሙደሲር ልጅ ፈረስ አይደለችም አለው። ይኸነውም አይደለችም ብሎ ተስማማ። ትንሽ ሄዱ። «እኔ ለፈረሴ ያሰብኩትን አንተ ለልጅህ ሳታስብ አትቀርም ብዬ ነው» አለ ቆይቶ፤ ስድብ አልነበረበትም። ምን ልትገዛ ነው ብሎም ጠየቀው። ሙደሲር የላስቲኩን ነገር ነገረው፤ ሜትሩን ስንት እንደሚሉት፣ ክፍሉን ዙሪያውን ለማልበስ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ። ይኸነው ሁሉንም ሰማና «ላስቲኩንስ ብትበላው?» አለ።

ሙደሲር ልጁን ወደ ራሱ አስጠጋት። የልጁ ጭንቅላት ደረቱ ላይ ተደግፏል፤ ፀጉሯ ስስ ነው፤ ጆሮዋ በጠዋት ብርሃን ሲታይ ከበስተኋላው ያለው ሁሉ የሚታይበት ይመስላል። ይህን ጆሮ በየቀኑ ያየዋል። ብርሃን እንደዚህ ሲያልፍበት ግን አስተውሎ አያውቅም። የጎደላት ነገር። ሆዷ ባዶ እንዳልሆነ እሱ ያውቃል፤ ሰው ስለ ሆዷ ሲያማው እሱም ስለ ሆዷ ሲሟገት ከረመ እንጂ የሚጎድል ነገር ሌላ ቦታ ይኖራል ብሎ አንዱም አላሰበም። የላስቲክ ሻጮቹ ሰማያዊ ጥቅል ከሩቅ ሲታይ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲያዞረው ነገረው። ይኸነው ለፈረሱ በአዊኛ አንድ ቃል አለው፤ ልጓሙ ሳይነካ ፈረሱ ዞረ።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። አፊያ የግድግዳውን ቀለም ልጣጭ እንዳትነካ እጇን ይዞ፣ ስለ ፈረሱ እያወራላት አቆያት። ተራቸው ሲደርስ የተቀበለቻቸው ቤዛዊት የምትባል፣ ድምጿ ከዕድሜዋ የሚበልጥ ወጣት ባለሙያ ናት። የፈራውን ጥያቄ አልጠየቀችውም። ግድግዳ ትበላለች ሲላት ራስ ያማታል ያላት ያህል እንኳ አልደነገጠችም፤ የልጅቷን የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋ አየች፣ ጥፍሯን ተጫነች፣ ከዚያ ጣቷን ወግታ አንድ ጠብታ ደም ወሰደች። አፊያ አላለቀሰችም። ጣቷ ላይ የቀረውን ደም አየችና ላሰችው። «አየህ፣ የራሷን እየመለሰች ነው» አለች ቤዛዊት እየሳቀች። ማሽኑ የደሟ መጠን ስምንት ነጥብ ሁለት ነው አለ። ከአሥራ አንድ በላይ መሆን ነበረበት።

ከዚያ ስለ ምግቧ ጠየቀችው። ሙደሲር ምግብ ብዙም እንደማትወድ፣ ሻይ በወተት ግን እምቢ ብላ እንደማታውቅ በኩራት ተናገረ። በቀን ስንት ጊዜ ብትለው በጣቱ ቆጠረ፤ ጠዋት ቤት፣ ጠዋት ሻይ ቤት፣ ከምሳ በፊት፣ ከምሳ ጋር፤ አንዱ እጁ አልበቃውም። ቤዛዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን፣ ደም የሚሠራበትን ነገር ሰውነት እንዳይወስደው እንደሚይዘው፣ ወተቱም ሲበዛ ሆዷን ሞልቶ ሌላ ምግብ እንደሚያስተዋት በቀላል ቋንቋ አስረዳችው። አፈሩ ደሟን አሳንሶት ይሁን የደሟ ማነስ አፈሩን አስመኝቷት፣ የቱ እንደቀደመ ማንም አያውቅም፤ አንዱ አንዱን እየጎተተ እዚህ ደርሰዋል። የሆድ ትል ኪኒን በዚያው አስዋጠቻት፤ ደም የሚሞላውን ሽሮፕ ጻፈችለት፤ በብርቱካን እንጂ በወተት እንዳይሰጣት፣ ምስርና ጎመን ሥጋም ሲገኝ እንዲያበላት፣ ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳይደነግጥ፣ በወሩ መልሶ እንዲያመጣት ነገረችው። አመሉም ደሟ ሲመለስ አብሮ የሚለቅ እንጂ የሚገረፍ አይደለም አለችው። እናቷስ፣ ስታረግዝ አፈር አምሯት ያውቃል ወይ ብላም ጠየቀች። ሙደሲር በፍጹም አለ። ዋሂዳ አራስ ናት፣ ንጹህ ሴት ናት አለ። ቤዛዊት ከንጽሕና ጋር አይገናኝም ብላ፣ ለማንኛውም አርባዋ ሲወጣ እሷም ትምጣ ብላ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈችበት።

ሽሮፑን ገዝቶ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን በመቶ ሰማንያ ብር ጨምሮ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ተመለሰ። መንገዱ ረዘመበት። በየአምስት እርምጃው ያቺ ቀይ መስመር ያላት ብርጭቆ ትመጣበታለች። በገዛ እጁ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመረ። ፍቅሩን ሌላ የሚያስቀምጥበት ዕቃ አልነበረውም፤ የሻይ ቤት ሰው ልጁን የሚወደው በምን ይወዳታል? ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ኪኒኑ የትል ነው። ትል ነው ቢል ማንም ማንንም አይወቅስም፤ ትል ከየትም ይመጣል። ሻይ ነው ካለ ግን ራሂማ ያዘጋጀችውን ልብስ አንስታ ልጅቷን ይዛ ስትወጣ የሚላት አይኖረውም። «አላልኩም? ከዚህ ቤት ትውጣ» ብትል ፍርዱ ልክ ነው። ትል፣ አለ በልቡ፣ ትል። አፊያ ከላይ ሆና ፀጉሩን በሁለት እጇ ይዛለች፤ የሚነካው ግድግዳ ያጣ እጅ እንዲህ ይይዛል። «ፈረሱስ?» አለችው። ጨው ሰጡት፣ ተሻለው አላት። «ሰጡት» አለች እሷም።

ግቢው ሲደርስ እማማ እታለማሁ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን በጭቃ ውስጥ ነክረው ከጭድ ጋር እያቦኩት ነበር። ግድግዳውን ሊመርጉት መሆኑን ነገሩት፤ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ ነበር የተናገሩት፤ ለጠዋቱ ወሬ የሚከፍሉት ካሣ መሆኑ ገባው። ጭቃውን በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ተከትለውት ገቡ። በሩ ስር የአፊያ ልብስ በሰማያዊ ፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። ራሂማ ጥቁር ሰማያዊ የመንገድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ላስቲኩን ፈልጋ እጁን አየች፤ ያየችው ብርቱካንና ጠርሙስ ነው።

ሙደሲር አፊያን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ትል የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ያ ብርሃን የሚያልፍበት ጆሮ ጉንጩን ነክቶት ስለነበር ሁሉንም እንደ ቅደም ተከተሉ ተናገረ፤ ፈረሱን፣ ማሽኑን፣ ስምንት ነጥብ ሁለቱን። መጨረሻ ላይ «ሻዩ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት። በቀን ስድስቴም ሰባቴም።»

የእማማ እታለማሁ እጅ ጭቃው ውስጥ ቆመ። ራሂማ ፌስታሉን አየችው፤ ልትፈርድ ሳይሆን ልትነሳ ይመስል ነበር። ከመጋረጃው ኋላ አልጋው ተንቋቋ።

«የራስጌውን ቀዳዳ እሷ አልበላችውም» አለች ዋሂዳ። ድምጿ ለሰው ሳይሆን ለግድግዳው የሚናገር ድምጽ ነበር። «የእኔ ነው። አፊያን ሳረግዝ ጀመርኩ፤ በዚህኛው ባሰብኝ። የእርጉዝ ብለው የሰጡኝን ኪኒን ያጥወለውለኛል ብዬ ፍራሹ ስር አደረግኩት። የምበላው ማታ ማታ ሁላችሁም ስትተኙ ነው።»

ሙደሲር መጋረጃውን ገለጠ። ዋሂዳ ሕፃኑን ይዛ ተቀምጣለች፤ ትናንት ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው እሺ ብላ እንዳልሆነ፣ ልጇ የእሷን ጥፋት ተሸክማ ከቤት ስትወጣ ማየት አቅቷት እንደሆነ አሁን ገባው። የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት አነሳው። ቀዳዳው የአዋቂ ጣት ስፋት ነበረው። ሦስት ዓመት አጠገቡ ተኝቶ የማን እንደሆነ አላየም። የሚላት ፈለገ፤ የመጣለት ካርዱን ገልብጦ ባለሙያዋ የጻፈችውን ማሳየት ብቻ ነበር። «አንቺንም ጠርታሻለች» አላት። «አይገረፍም ብላለች።»

በዚህ ጊዜ እማማ እታለማሁ ከጥጉ ሆነው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ ጭቃውን ግድግዳው ላይ እየደበደቡ መናገር ጀመሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያረግዙ የአማታቸውን የእህል ጎታ አፍ ዙሪያውን ቆርጥመው ጨርሰውት ነበር፤ ጎታው ከጭቃና ከእበት የተሠራ፣ ሽታው እስከ ውጭ የሚጠራ ነበር። «አይጥ ነው ተባለ» አሉ። «ድመት ከጎረቤት ተዋሱ። ድመቷ ጎታው ላይ ተኝታ ከረመች። አይጧ እኔ ነበርኩ።» መጀመሪያ የሳቀችው ዋሂዳ ናት፤ ገና ያልጠናው ሆዷ እንዳያማት በእጇ ይዛ። ከዚያ ሙደሲር። እማማ እታለማሁ ግን አልሳቁም። ዞር ብለው «ጠዋት ሰምተኸኛል» አሉት።

«ሰምቻለሁ እማማ። አላህ ይስጥልኝ» አላቸው፤ ከልቡም ነበር። ያ ንግግር ባይወጋው ዛሬም ማንቆርቆሪያው አጠገብ ይውል ነበር።

ራሂማ ከሁሉም ዘግይታ ተናገረች። ዋሂዳ ትንሽ ልጅ ሳለች ከምድጃ ጥግ አፈር ስትበላ እናታቸው ይዛት እጇን በበርበሬ አሽታባት እንደነበር፣ ልጅቷም ሌሊቱን ሙሉ እንዳለቀሰች አስታወሰች። «ሄጄ የነገርኳት እኔ ነበርኩ» አለች። ይህን ካለች በኋላ ስልኳ ሁለቴ ጮኸ። የሚኒባሱ ረዳት ነበር፤ መኪናው ሞልቶ ሁለት ሰው ብቻ እየጠበቀ መሆኑን ሲናገር ድምጹ ከስልኩ ወጥቶ ለሁሉም ይሰማል። ራሂማ ሻርፗን እንደገና አስተካከለች። ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው አለችው። ከዚያ ለኢስማኤል ደውላ ዋሂዳ አርባዋን ሳትጨርስ እሷ እንደማትመለስ ነገረችው። ስልኩን ዘግታ እጇን ወደ ሙደሲር ዘረጋች፤ ጠርሙሱን ነበር የምትፈልገው። «ይቺን የማጠጣው እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ማንኪያ ከያዝክ ስኳር ትጨምርበታለህ።»

እማማ እታለማሁ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ደፍነው፣ ዙሪያቸውንም በሰፊው መርገው፣ በመዳፋቸው አለስልሰው፣ እግራቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ያን ጊዜ ነው ያላሰቡት ነገር የመጣው። ክፍሉ በእርጥብ አፈር ሽታ ተሞላ፤ ክረምት መጀመሪያ ላይ ምድር የምትሸተው ሽታ። አፊያ ከሙደሲር ጉልበት ላይ ወርዳ ቆመች። አልጋው ላይ ደግሞ ዋሂዳ፣ ሕፃኑን እያጠባች፣ አፍንጫዋ ሳታዝዘው ወደ ራስጌዋ ዞረ። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ፊት ነበራቸው። ሙደሲር አፊያን ደጅ ያወጣታል፤ አራሷን ግን የት ያወጣታል? አዲሱ ጭቃ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ራሂማ አየቻቸው። ሕፃኑ እንዳይነቃ በቀስታ የአልጋውን ራስጌ ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገች፣ በመካከሉ በርጩማ አስገባች፣ ጀርባዋን ለአዲሱ ምርጊት ሰጥታ ተቀመጠች። አፊያን ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ብርቱካን ልጣ በእጇ አንድ አንድ ሥንጥቅ ታቀብል ጀመር፤ አንዱን ለልጅቷ፣ አንዱን ለእህቷ፣ እንደገና ለልጅቷ። አፊያ ሻይ አለች። ራሂማ ሻይ ነገ፣ ምግብ ከበላሽ ቆይቶ፣ ትንሽ፣ አለቻት። ልጅቷ ብርቱካኑን ጨመቀችው፣ ቀሚሷ ላይ አፈሰሰችው፣ አለቀሰች፣ እንደገና ጠየቀች። ሙደሲር ለቅሶዋን ተቀምጦ ሰማው፤ በምግብ ላይ ስታለቅስ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

የአስር አዛን ሲጠራ ሚኒባሱ ሞልቶ ከሰዓቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሙደሲር ሊሰግድ ሲነሳ ሰማያዊውን ፌስታል አንስቶ ሣጥኑ ውስጥ መለሰው። መስጊድ ውስጥ ግንባሩ ምድር ሲነካ የፈረሱን ጆሮ፣ የይኸነውን «ላስቲኩንስ ብትበላው» የሚል ድምጽ፣ የቤዛዊትን ሳቅ፣ ከጓሮ የሰማውን ስድብ እንኳ አንድ በአንድ እየጠራ አመሰገነ፤ ከሌላው ቀን የረዘመ ሱጁድ ሆነበት። ሲመለስ ሦስቱም አንቀላፍተው ነበር። ዋሂዳና ሕፃኑ አልጋው ላይ፣ አፊያ ራሂማ ጭን ላይ፣ አፏ ዙሪያ ብጫ ሆኖ። ራሂማ ብቻ ነቅታ እንደተቀመጠች ናት፤ በር ሲከፈት ልጅቷን ሳታነቃ ለመቃናት ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አለች። በሴራሚክ ወለል ላይ የምትረግጥ ሴት፣ የመንገድ ቀሚሷ ጀርባ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በቀይ ጭቃና በጭድ ተለብጦ፣ ግድግዳውም የጀርባዋን ቅርጽ ይዞ ነበር። ሙደሲር ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው፤ ጫማውን አውልቆ በቀስታ በሩን ዘጋና አጠገባቸው ተቀመጠ።